የግድብ ጥገና፦ ከውሃው በፊት ወሬው ይድረስ



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል አንብባችሁ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለማንበብ ደርሳችኋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ መብራት ኃይል ግድብ ጥገና ነው። በተለይም በአዋሽ ወንዝ ላይ ስላለው ስለ ቆቃ ግድብ እናነባለን። በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም። በየርዕሱ እያቆማችሁ ተወያዩበት። ዓይን የደከመው ካለ ሌላው ያንብብለት።

«ግድቡ የመንግሥት ነው፤ ጥገናው የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በጣም ያገባናል እንጂ! ግድቡ ሲዘጋ የመስኖ ቦያችን ይደርቃል። ግድቡ ሲከፈት ወንዝ ዳር የተኛ ጥጃ ይወሰዳል። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል። ይህ ሁሉ ቀድሞ ከታወቀ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ቀድሞ ካልታወቀ ግን ሰብልም፣ ከብትም፣ ሰውም ሊጠፋ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው አንድ ወረቀት ነው። ያም ወረቀት ማስታወቂያ ይባላል። እናንተም አሁን ማንበብ ትችላላችሁ።

አዲስ ቃላት

እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ ሦስት ሦስት ጊዜ አንብቡ።

ግድብ — ወንዝ አግዶ ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ ግንብ።
ተርባይን — ውሃ ሲመታው የሚሽከረከር የብረት መዘውር።
ጄኔሬተር — ከተርባይኑ ጋር አብሮ እየዞረ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ።
ማስተንፈሻ — ሐይቁ ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚለቀቅበት በር።
ደለል — ጎርፍ ከማሳ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር።
ሜጋዋት — የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ። እህል በኩንታል ይለካል፤ የግድብ ኃይል በሜጋዋት ይለካል።

አዋሽና ቆቃ

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ፣ ከምዕራብ ሸዋ ደጋ ይነሣል። የበቾን ሜዳ አቋርጦ ወደ ቆቃ ይወርዳል። ከቆቃ በኋላ በወንጂ፣ በአዋሽ መልካሳ፣ በመተሐራ፣ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲና በአሳይታ በኩል አልፎ በጅቡቲ ድንበር ካለው ከአቤ ሐይቅ ይገባል። ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከላይ ያለው ገበሬ፣ ከታች ያለው አርብቶ አደር፣ የሸንኮራ እርሻው፣ የጥጥ እርሻው፣ ሁሉም የሚጠጣው ከዚህ አንድ ወንዝ ነው።

የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። የተሠራውም ጣሊያን አገራችንን ወርራ ላደረሰችው ጥፋት በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ግድቡ 3 ተርባይኖች አሉት። የሦስቱ ኃይል ተደምሮ 43 ሜጋዋት ያህል ይሆናል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በአዋሽ መልካሳ አካባቢ፣ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የሚባሉ ማመንጫዎች ተጨመሩ። እያንዳንዳቸው 2 ተርባይን አላቸው። የአንዱ ተርባይን ኃይል 16 ሜጋዋት ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ቆቃ ያለ ትልቅ ሐይቅ የላቸውም። ቆቃ የለቀቀውን ውሃ ተቀብለው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ በቆቃ የሚደረግ ነገር ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል።

ዛሬ በአገራችን ከቆቃ እጅግ የሚበልጡ ግድቦች አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው። ይህ ከቆቃ 120 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ሆኖም ቆቃ ዛሬም ሥራ አለው። መብራት ከመስጠቱ ሌላ፣ የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ መስኖ ያካፍላል።

ውሃ እንዴት መብራት ይሆናል?

የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በውሃ ወፍጮ ውስጥ ውሃ ከላይ ወርዶ መዘውሩን ይመታል። መዘውሩ ይዞራል። የወፍጮው ድንጋይም አብሮ ይዞራል። በግድብም እንዲሁ ነው። ውሃው ከሐይቁ በትልቅ የብረት ቧንቧ ይወርዳል። ተርባይኑን ይመታል። ተርባይኑ ሲዞር ጄኔሬተሩ አብሮ ይዞራል። በድንጋዩ ፈንታ ጄኔሬተር፣ በዱቄቱ ፈንታ ኤሌክትሪክ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃው በተርባይን ውስጥ አልፎ አይጠፋም። ከወዲያ በኩል ወጥቶ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ተርባይኑ ሲቆም ግን በዚያ መንገድ የሚወጣው ውሃ ይቆማል። በሌላ በር ካልተለቀቀ በቀር ከታች ያለው ወንዝ ይቀንሳል። ጥገና ወደ እኛ ማሳ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ግድብ ምኑ ያረጃል?

የገበሬ ዕቃ ምኑ እንደሚያረጅ እናንተ ታውቃላችሁ። ማረሻ ይዶለዱማል። ሞፈር ይሰነጠቃል። ቀንበር ይላላል። የግድብም ዕቃ እንዲሁ ያረጃል።

አንደኛ፣ የብረት ወንፊቱ ይደፈናል። ከቧንቧው አፍ ላይ ጉቶና ቅጠል እንዳይገባ የሚያግድ ፍርግርግ አለ። ጎርፍ ያመጣው ቆሻሻ ይከመርበታል። እምቦጭ የሚባለው አረምም አለ። ይህ አረም በአገራችን መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ናቸው፤ ጊዜውም በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው። ወንፊቱ ካልተጠረገ ውሃው በቂ ሆኖ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የተርባይኑ ክንፍ ይበላል። ውሃው አሸዋ ይዞ ሲመታው እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የተበላው ቦታ በብየዳ ይሞላል፤ ወይም ክንፉ ይቀየራል።

ሦስተኛ፣ የብረት በሮች ይዝጋሉ። በር የሚያነሣው ሰንሰለትና ሞተር ግራሶ ይፈልጋል። የበሩ ዳር ላስቲክ ያረጃል። በክረምት መከፈት ያለበት በር ከተጣበቀ አደጋ ነው።

አራተኛ፣ ቡሎኖችና ዳዶዎች ይላላሉ። ማሽን ሲንቀጠቀጥ ቡሎን ይደክማል። ለዓይን ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል።

አምስተኛ፣ ግንቡ ራሱ ይመረመራል። ስንጥቅ አለ ወይ? ውሃ በየት በኩል ያንጠባጥባል? መጠኑስ ካለፈው ዓመት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ይህ ሁሉ እየተለካ ይጻፋል።

ሳይበላሽ መጠገን

ጥገና ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከተሰበረ በኋላ የሚደረግ ነው። ሌላው ሳይሰበር፣ ቀን ተቆርጦለት የሚደረግ ነው። ይህ ሁለተኛው በዕቅድ የሚደረግ ጥገና ይባላል። ብልህ ገበሬ ማረሻውን ወደ አንጥረኛ የሚወስደው መቼ ነው? ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ነውን? አይደለም። አስቀድሞ በበጋ ነው። ማረሻው በእርሻ ቀን ቢሰበር ቀኑም፣ እርጥበቱም፣ የደቦው ሰውም ይባክናል።

«እየሠራ ያለውን ማሽን ለምን ያቆሙታል?» ብለን ከመቆጣታችን በፊት ይህን እናንብብ።

በሩሲያ አገር፣ በየኒሴይ ወንዝ ላይ ሳያኖ ሹሼንስካያ የሚባል ታላቅ ግድብ አለ። 10 ተርባይኖች ነበሩት። ከእነሱ አንዱ፣ ቁጥር 2 የሚባለው፣ ከልክ በላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንቀጥቀጡ ቢታወቅም ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ። የተርባይኑን ክዳን የያዙት ትላልቅ ቡሎኖች ደክመው ነበር። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ቡሎኖቹ ተበጠሱ። የውሃው ግፊት ያንን ከባድ ማሽን ወደ ላይ አነሣው። ውሃ የማሽኑን ቤት ሞላው። 75 ሰዎች ሞቱ። ዘይት ወደ ወንዙ ፈሶ ከታች የሚረባው ዓሣ አለቀ። ግንቡ ቆመ፤ ሰው ግን አለቀ። ምክንያቱ ምን ነበር? የደከመ ቡሎን፣ በጊዜው ያልቆመ ማሽን።

እንግዲህ ጥገናን መቃወም አይገባም። ሳይነግሩን የሚደረግ ጥገናን ግን መጠየቅ ይገባል። ሁለቱን አንቀላቅል።

በጋ ለማን ይመቻል?

መሐንዲሶች ለጥገና የሚመርጡት በጋን ነው። በበጋ ጎርፍ የለም። የሐይቁ ውሃ ዝቅ ይላል። በሮቹንና ግንቡን ለማየት ይመቻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስተንፈሻ በሮቹ ከሰኔ በፊት ተጠግነው ማለቅ አለባቸው። በሐምሌ ጎርፍ መጥቶ በሩ አልከፈት ቢል ማን ይመልሰዋል?

ለመስኖ ገበሬ ግን በጋ ውሃ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚጠማው በጥርና በየካቲት ነው። እንግዲህ መሐንዲሱ ውሃውን መዝጋት ሲፈልግ ገበሬው ውሃውን ይፈልጋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህ በጠብ አይፈታም። በመነጋገር ይፈታል። መፍትሔዎችም አሉ።

አንደኛው፣ ተርባይኖቹን በየተራ መጠገን ነው። አንዱ ሲቆም ሁለቱ ይሠራሉ፤ ውሃም ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ተርባይን ሁሉ መቆም ካለበት ውሃውን በሌላ በር ጥቂት ጥቂት መልቀቅ ነው። ሦስተኛው፣ የመዝጊያውን ቀን ከመስኖ ተራ ጋር ማስማማት ነው። ነገር ግን ገበሬው ተራውን ጽፎ ካላቀረበ መሐንዲሱ ከየት ያውቃል? የመስኖ ተራችሁን በደብተር መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጥገናው እኛ ዘንድ ሲደርስ

ስለ መብራት። ተርባይን ለጥገና ሲቆም መብራት ሁልጊዜ አይጠፋም። ምክንያቱም የአገሪቱ ትላልቅ ማመንጫዎች በሽቦ ተያይዘዋል። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሸከማል። መብራት የሚጠፋው ትራንስፎርመሩ ወይም መስመሩ ራሱ ሲጠገን ነው፤ ወይም ኃይል ሲያጥር ነው። መብራት እንደሚጠፋ ከተነገራችሁ እህሉን ከሁለት ቀን በፊት አስፈጩ። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ የክትባት ማቀዝቀዣውን ነገር እንዲያስብበት ንገሩት። የውሃ ፓምፕ በመብራት የሚሠራ ከሆነ በርሜልና እንስራ ሞልታችሁ ጠብቁ።

ስለ መስኖ። ወንዙ ሲቀንስ ውሃው ከቦያችሁ አፍ በታች ይሆናል። ቦዩ በአንድ ጊዜ ይደርቃል። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት ማሳውን ማጠጣት ያስፈልጋል። አዲስ ችግኝ በእነዚያ ቀናት አትትከሉ። ውሃው ጎደለ ብሎ ወንዙን በድንጋይና በአፈር ጨርሶ መገደብም ደግ አይደለም። ከታች ያለው ወንድማችሁ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያው ነው።

ስለ ድንገተኛ ውሃ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጥገና ሲያልቅ በሮቹ ይሞከራሉ፤ ውሃ ይለቀቃል። ደርቆ የነበረው ወንዝ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ወንዝ ይሞላል። አባቶቻችን ደመና አይተው ጎርፍ ይጠብቁ ነበር። የግድብ ውሃ ግን ደመና የለውም። ወንዙ ባነሰ ጊዜ ልጆች ዓሣ ለመልቀም ይገባሉ። ሴቶች ልብስ ለማጠብ መሐል አለት ላይ ይቀመጣሉ። እረኛው ከብቱን በወንዙ ሆድ ውስጥ ያሳርፋል። አደጋው ያኔ ነው። ውሃው ድንገት ቢደፈርስ፣ ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ ቢመጣ፣ ከላይ በኩል የሚጎረምስ ድምፅ ቢሰማ፣ ዕቃ ለማንሣት አትዘግዩ። ወደ ከፍታ ውጡ።

ስለ ሐይቁ ዳር። የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ እርጥብ መሬት ይቀራል። ሰው ይዘራበታል። ነገር ግን መሬቱ የሐይቁ ነው፤ ውሃው ሲመለስ ዘሩን ይበላል። በሸሸው ውሃ ቦታ ትንንሽ ኩሬዎችም ይቀራሉ። የወባ ትንኝ የምትራባው እዚያ ነው። በቆቃ ዙሪያ በተደረጉ ጥናቶች ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ መንደሮች ወባ ራቅ ካሉት ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል። ውሃው ፈጠን ብሎ ሲሸሽ ኩሬው ቶሎ ስለሚደርቅ ትንኟ ትቀንሳለች። ስለዚህ ኩሬዎቹን አፋስሱ፤ የተሰጣችሁን አጎበር ተኙበት፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው ሳታዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

ጥገናና ጎርፍ ይለያያሉ

አንዳንድ ሰው በክረምት ግድቡ ውሃ ሲለቅ «ጥገና ነው» ይላል። አይደለም። በክረምት ሐይቁ ሲሞላ ውሃው የሚለቀቀው ግንቡ እንዳይጎዳ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። እርሻም ከብትም ወስዷል። ያን ጊዜ የዘነበው ብዙ ነበር፤ ከግድብ የተለቀቀውም ውሃ ተጨመረበት።

ታዲያ ሐይቁ ለምን ጎርፉን ሁሉ አይይዝም? አንዱ ምክንያት ደለል ነው። ደጋው ሲታጠብ አፈሩ ወደ ቆቃ ይወርዳል። ሐይቁ ሲሠራ ውሃ ይይዝ ከነበረው ቦታ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ደለል ወስዶታል። ጎተራ በአፈር ቢሞላ እህል የት ይገባል? እንደዚያው ነው።

ደለልን ከሐይቅ መዛቅ እጅግ ከባድ ሥራ ነው። ከማሳ እንዳይሄድ ማድረግ ግን በገበሬ እጅ ነው። በበቾና በጊንጪ በኩል ያለ ገበሬ እርከን ሲሠራ፣ ሸንተረሩን ዛፍ ሲያለብስ፣ በመጀመሪያ የራሱን አፈር ያተርፋል። ሁለተኛ ደግሞ የቆቃን ዕድሜ ያረዝማል። ሦስተኛ ደግሞ የማያውቀውን የዱብቲን ሰው ከጎርፍ ይጠብቃል። የግድብ ጥገና ከደጋ ማሳ ይጀምራል ማለት ይህ ነው።

ማስታወቂያ እንዴት ይነበባል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ከዚህ በታች ያለው ለንባብ መለማመጃ ያዘጋጀነው ምሳሌ ነው። እውነተኛ ማስታወቂያ አይደለም።

«ማስታወቂያ። ከየካቲት 10 እስከ የካቲት 14 ቀን በግድቡ ላይ ጥገና ይደረጋል። በእነዚህ 5 ቀናት የወንዙ ውሃ ይቀንሳል። የካቲት 15 ቀን በ8 ሰዓት ውሃ ይለቀቃል። ሰውና ከብት ከወንዝ ይራቅ።»

አነበባችሁ? መልካም። አሁን ጎዶሎውን እንፈልግ። ጥሩ አንባቢ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም ያያል።

መጀመሪያ፣ «በ8 ሰዓት» የሚለው ከቀኑ ነው ወይስ ከሌሊቱ? ደግሞስ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? በፈረንጅ አቆጣጠር የጠዋቱ 8 ሰዓት በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት ረፋዱ ላይ ከብቱን ያወረደ ሰው ውሃው ያገኘዋል። አንድ ቁጥር የሰው ነፍስ ናት። ቀኑም በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ውሃው የሚለቀቀው እስከ መቼ ነው? አንድ ሰዓት ነው ወይስ ሁለት ቀን?

ሦስተኛ፣ ውሃው ምን ያህል ይነሣል? «ይጨምራል» ማለት አይበቃም። ከምናውቀው ድልድይ ወይም ከምናውቀው ዛፍ አንጻር ቢነገር ይሻላል።

አራተኛ፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው መቼ ነው? ውሃ ከቆቃ ወንጂ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ወደ ታችኛው አዋሽ ለመድረስ ግን ቀናት ይፈጅበታል። የግድቡ ሰዓትና የመንደራችን ሰዓት አንድ አይደለም።

አምስተኛ፣ ማን ጻፈው? ፊርማና ማኅተም የታለ? ዕቅዱ ቢለወጥ ማን ዘንድ ይደወላል?

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በደብተራችሁ ጻፉ። የስብሰባው ቦታ ግድግዳ ላይም ለጥፉ። ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር በእነዚህ ፈትሹት።

ደብዳቤ እንጻፍ

ጎዶሎ ካለ በቃል አጉረምርሞ መቅረት አይበቃም። ደብዳቤ ይጻፋል። ግድቡንና ማመንጫውን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ወደ ቤታችን የሚመጣውን መስመርና ቆጣሪ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሁለቱ በ2006 ዓ.ም. ተለያይተዋል። ስለዚህ ስለ ውሃው ለመጀመሪያው፣ ስለ መብራት መስመሩ ለሁለተኛው ይጻፋል። ግልባጩ ለወረዳው ይሰጣል። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የግድቡ ጥገና ከየካቲት 10 ጀምሮ መሆኑን ሰምተናል። ማኅበራችን በመስኖ የሚያለማው ሽንኩርት በእነዚህ ቀናት ውሃ ይፈልጋል። የመስኖ ተራችንን አያይዘን ልከናል። ውሃው ጨርሶ እንዳይቋረጥ፣ ወይም ቀኑ ከተራችን ጋር እንዲስማማ እንጠይቃለን። ውሃ የሚለቀቅበትን ትክክለኛ ሰዓትም በጽሑፍ እንዲገለጽልን እናመለክታለን።»

ቀን፣ ስም፣ ፊርማ አትርሱ። አንድ ግልባጭ ለራሳችሁ አስቀሩ። ጉዳት ቢደርስም ያው ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠፋውን ከብት ብዛት፣ የተበላሸውን ማሳ ስፋት ወዲያው ጻፉ። ምስክር አስፈርሙ። ከወር በኋላ በቃል የሚነገር አቤቱታ ጆሮ አያገኝም።

ማኅበሩ ምን ያድርግ?

ሁለት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ይመረጡ። አንዱ ቢታመም ወይም ገበያ ቢሄድ ሌላው አለ። እነሱ ማስታወቂያውን በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በእድርና በትምህርት ቤት ያንብቡ። ስልክ ያለው ሰው ከታች ላለው መንደር ይደውል። ወሬ ከውሃ ይፈጥናልና። ለእረኞችና ለልጆች ለብቻ ይነገር፤ ስብሰባ አይመጡምና። በወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ቀለም ቀብታችሁ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ። በየጠዋቱ እያያችሁ በደብተር መዝግቡ። የሚጮህ ነገር፣ ጥሩንባም ይሁን የብረት ደወል፣ አዘጋጁ። ምን ጊዜ እንደሚነፋም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ተረቱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን።

የሒሳብ ልምምድ

1ኛ. አዋሽ 2 ሁለት ተርባይን አለው። የአንዱ ኃይል 16 ሜጋዋት ነው። አንዱ ለጥገና ቢቆም ስንት ሜጋዋት ይቀራል?

2ኛ. አንድ ገበሬ ሽንኩርቱን በየ8 ቀኑ ያጠጣል። መጨረሻ ያጠጣው የካቲት 6 ነው። ውሃው ከየካቲት 10 እስከ 14 ይዘጋል። ተራው የሚደርሰው መቼ ነው? ያን ቀን ውሃ ያገኛል? ምን ቢያደርግ ይሻላል?

መልስ። 1ኛ. 32 ሲቀነስ 16 እኩል ይሆናል 16 ሜጋዋት። 2ኛ. 6 ሲደመር 8 እኩል ይሆናል 14። የካቲት 14 ውሃው ዝግ ነው። ስለዚህ ሳይዘጋ በፊት የካቲት 9 ቢያጠጣ ይሻላል። 9 ሲደመር 8 እኩል ይሆናል 17። የካቲት 17 ውሃው ተመልሷል፤ ሽንኩርቱም አይጎዳም።

የመወያያ ጥያቄዎች

በመንደራችሁ ወንዙ ቢቀንስ በመጀመሪያ የሚጎዳው ማን ነው? ወንዙ ድንገት ቢሞላስ በቀኑ በዚህ ሰዓት ወንዝ ዳር ማን ይገኛል? ባለፈው ጊዜ ማስታወቂያ ሲመጣ ማን ሰማ? ማንስ ሳይሰማ ቀረ? ለምን?

የቤት ሥራ

እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን የመስኖ ተራ፣ ወይም ከብቶቻችሁ ወንዝ የሚወርዱበትን ሰዓት፣ በአምስት መስመር ጽፋችሁ አምጡ። የሁላችሁም ጽሑፍ ተሰብስቦ የማኅበሩ ደብተር ይሆናል። የሚቀጥለው የጥገና ማስታወቂያ ሲመጣ ያ ደብተር ከአጠገቡ ይከፈታል።